ማደያ «የለም» የተባለው ቤንዚን መንገድ ዳር ከየት መጣ?

ወገን፣ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆበት የቆመ ሹፌር ስታዩ «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው» አትበሉ። ጅማ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ጌጁን ሳያይ የሚወጣ ይመስላችኋል? እናያለን። ያጣነው የምንቀዳበትን ነው።

ማደያ ትሄዳለህ፣ «ቤንዚን የለም» ትባላለህ። መቼ ይገባል ስትል «ቦቴው መንገድ ላይ ነው»። እሺ፣ ነዳጁ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ቢዘገይ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ከማደያው ትንሽ ፈቀቅ ስትል ያው ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መደርደሩ ነው። ለእኛ የሌለው ለእነሱ ከየት መጣ?

ባለፈው አክስቴን ለሐኪም ቀጠሮ ከሰርቦ ይዤያት ስመጣ መኪናው ዳገት ላይ ተርገፈገፈና ቀጥ አለ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደርቃል። ከኋላዬ ደግሞ ጭነት የያዘ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ይመጣል። እንደምንም ዳር ያዝኩ። ዝናቡ አያባራም፣ አክስቴ «ልጄ፣ ቀጠሮው አለፈኮ» ትላለች። አንድ የባጃጅ ልጅ ቆሞ ባይወስዳት ኖሮ እዚያው ነበር የምትውለው። እግዜር ይስጠው።

እኔ ሃይላንዱን በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ውሃ ይኑርበት፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት ማን አየ? ከዚያ ወዲህ መኪናው ይንተፋተፋል። መካኒኩ እንዳለኝ የቤንዚን ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ታንከር ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው፤ ሁልጊዜ በጠብታ ስትነዳ ፓምፑ ይግላል፣ ዝቃጩም ፊልትሮ ይደፍናል። ናፍጣ የሚነዱት ደግሞ ይብስባቸዋል፤ አንዴ ካለቀ መስመሩ አየር ይስባል፣ ቀድተህም አየሩ እስኪወጣ በእጅ ስትፓምፕ ትቆያለህ። ይህን ሁሉ ወጪ ማን ይከፍለኛል?

በ2015 የነዳጅ ክፍያ በስልክ ይሁን ተባለ፣ ተቀበልን። በ2017 ደግሞ ሕገወጥ ሽያጭን በእስራት የሚቀጣ አዋጅ ወጣ። ክፍያው በስልክ ከሆነ ማን ስንት ሊትር እንደቀዳ መዝገብ አለ ማለት ነው። ታዲያ መዝገቡን ተመልከቱታ! ሰልፈኛው ከተበተነ በኋላ ማታ በጄሪካን ሲቀዳ እኛ በዓይናችን እያየን፣ የሚቆጣጠረው አካል እንዴት አያይም?

ማደያዎችም ስንት ሊትር እንደገባላችሁ ጠዋት በር ላይ ለጥፉ። ለሰልፉ ጫፍ የማይደርስ ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ላለው የባጃጅ ልጅ ሌሊቱን ብርድ ላይ ሳያድር በፊት ንገሩት። እሱ እኮ ሳይሠራ ለዋለበትም ቀን ባለንብረቱ ገቢ ይጠይቀዋል።