ማስታወቂያው የሚደርሰን ዕድሉ ካለፈ በኋላ ነው

በዩኒቨርሲቲ ሕይወት የትምህርቱ ክብደትም ሆነ የፈተናው ጫና የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ለመማር የመጣ ሰው ይህን ችሎ ያልፋል። የእኔን አንጀት የሚያሳርረው ሌላ ነው። ለተማሪው ተብሎ የተዘጋጀ የተጋባዥ ምሁር ንግግር፣ ዐውደ ጥናት፣ የውድድር ጥሪ፣ የተግባር ልምምድ ቦታና የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ተማሪው ጆሮ የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ቢፈጥን ደግሞ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ቢሆን የሰው ስሕተት ነው ብለን እንተወው ነበር። ነገር ግን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እስከ መመረቂያችን ዋዜማ ስናየው የኖርነው አሠራር በመሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በቅርቡ በትምህርት ክፍላችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የአንድ አጭር ሥልጠና ጥሪ ቆሜ በጥሞና አነበብኩ። ወረቀቱ ከአዘጋጁ ተቋም የተላከው ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ የተጓዘበት መንገድ በሙሉ በላዩ ላይ ተጽፎ ይታያል። ራስጌው ላይ ደብዳቤው ወጪ የሆነበት ቀን አለ፤ ከጎኑ የመዝገብ ቤቱ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመቶበታል፤ ከዚያ በታች በእስክሪብቶ «ለሚመለከታቸው ኮሌጆች ይተላለፍ» የሚል ምሪት ሰፍሯል፤ ከእሱ ሥር የዲኑ ጽሕፈት ቤት ፊርማና ቀን፣ በመጨረሻም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ለተማሪዎች ይገለጽ» ያሉበት መስመር ይከተላል። ቀኖቹን ተራ በተራ ሳነጻጽር ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ከወር በላይ ቆይቷል። ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት ነበር። ደብዳቤውን የደበቀ የለም፣ የቀደደም የለም፤ ሁሉም የድርሻውን ፈርሞ ወደ ቀጣዩ አሳልፏል። ተጠያቂ ሰው እንዳይገኝ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለት ይችላል፣ ተማሪው ግን ዕድሉን አጥቷል።

አንዳንድ ኃላፊዎች «አንድ ቀን ቢቀርም እኮ ማመልከት ይቻላል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉት ማመልከቻ ምን ምን እንደሚጠይቅ ዘንግተውት ይመስለኛል። ሬጅስትራር ገብቶ በማኅተም የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሰልፍ አለ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ ደግሞ ነገ ተመለስ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልን መምህር ማግኘት ደጅ መጥናት ይጠይቃል፤ ቢገኝም ስለ ተማሪው የሚያውቀውን አሰላስሎ የሚጽፍበት ጊዜ ካልተሰጠው የሚጽፈው በማንም ስም ላይ ሊለጠፍ የሚችል ሁለት አንቀጽ ነው፤ መራጮቹም ያን ለይተው ያውቁታል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ከተጠየቀ ጉዳዩ የባሰ ይሆናል። ለአይኤልትስም ሆነ ለቶፍል አስቀድሞ ተመዝግቦ ቀን መያዝ፣ ተፈትኖም ውጤት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ላይ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ መቼ ብፈተን ይሻለኛል የሚለውን ለመወሰን እንኳ ጥሪው በየትኛው ወቅት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ እነዚህ ዕድሎች ድንገት ከሰማይ የሚወርዱ አለመሆናቸው ነው። ለውጭ አገር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ዳድ (DAAD) እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተ ተቋም ነው፤ የአሜሪካው የፉልብራይት ስኮላርሺፕ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ አለ፤ የእንግሊዙ የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ በ1983 ተጀመረ፤ የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም የሆነው ኢራስመስ ደግሞ በ1987 በ11 አገሮችና በ3,244 ተማሪዎች ሥራውን ጀምሮ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋገም የኖረን ጥሪ ልክ ዛሬ እንደተሰማ አስቸኳይ ዜና ማቅረብ ምን ይባላል? ቺቭኒንግን ብንወስድ አመልካቹን ቢያንስ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድና ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ሰጪዎች ይጠይቃል። ይህን በሁለተኛ ዓመቱ የሰማ ተማሪ የሥራ ልምዱን ከየት እንደሚያገኝ፣ ከየትኛው መምህር ጋር ተቀራርቦ መሥራት እንዳለበት አስቀድሞ ያስባል። ከተመረቀ በኋላ፣ ያውም በመዝጊያው ሳምንት የሰማው ግን የሚቀረው ቁጭት ብቻ ነው። ዘንድሮ ያመለጠ ጥሪ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ለከርሞ ሊጠብቀው ይችላል፤ ለተመራቂ ተማሪ ብቻ የተከፈተ ውድድር ለተመራቂው ሁለተኛ አይመጣም።

ስለ ንግግሮችና ስለ ሴሚናሮችም ልናገር። አንድ የታወቀ ተመራማሪ ግቢያችን መጥቶ ስለ ሥራው ሊናገር ሲል የሚሠራው ፖስተር ላይ የአዘጋጆቹ ዓርማዎች ከተናጋሪው ስም ይበልጣሉ፤ ቀኑ በትንሽ ፊደል ከግርጌ ይቀመጣል፤ ቦታው «ዋናው አዳራሽ» ይባልና በዕለቱ ወደ ሌላ ሕንፃ መዛወሩን የሚናገር ሰው በሩ ላይ እንኳ አይቆምም። ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ጋር ይጋጫል፤ መቅረት ደግሞ ነጥብ ያስቀንሳል። ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ግን የዩኒቨርሲቲው ገጽ ነው። ከፕሮግራሙ በፊት አንድ መስመር ሳይጽፍ ይቆይና በማግስቱ «በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ» የሚል ዜና ከብዙ ፎቶግራፎች ጋር ያወጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ያንን ዜና ያነበብን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ከመማሪያ ክፍላችን ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲናገር እንደነበር የምናውቀው ከፎቶው ነው።

አንድ ንግግር መስማት ምን ያህል ነገር ይለውጣል ለሚል ሰው የማይክል ፋራዳይን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። ፋራዳይ በለንደን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ የሚማር፣ መደበኛ ትምህርቱ እጅግ ጥቂት የሆነ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 የሱቁ ደንበኛ የሆነ አንድ ሰው ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የሚሰጣቸውን ንግግሮች የሚሰማበት መግቢያ ትኬት ሰጠው። ፋራዳይ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ተቋም በረዳትነት ተቀጠረ፤ በ1831 ደግሞ ዛሬ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሠሩበትን የኤሌክትሮማግኔት ክሥተት ደረሰበት። ልብ በሉ፤ ያ ትኬት የደረሰው ንግግሩ ከመደረጉ በፊት ነው። ከንግግሩ በኋላ ቢደርሰው ምን ይጠቅመው ነበር? በየግቢው ስንት ተማሪ አንድ ንግግር አዳምጦ የጥናት መስመሩን ሊያገኝ ሲችል በዚያ ሰዓት ዶርም ውስጥ ምንም ሳይሰማ እንደተቀመጠ ሳስብ እውነት ለመናገር እበሳጫለሁ።

መረጃው ለማንም አይደርስም ብዬ ግን አላጋንንም፤ ለአንዳንዶች በጊዜው ይደርሳል። ከአንድ መምህር ጋር በፕሮጀክት የሚሠራ፣ ቢሮ አካባቢ የሚውል፣ ወይም ዘመድ ያለው ተማሪ ደብዳቤው ገና በዲኑ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ይሰማል፤ ተዘጋጅቶም ያመለክታል። እሱን አልወቅስም፤ በጊዜ የሰማ ሰው ማመልከቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በውጤቱ ዕድሉ የሚሰጠው ለተሻለው ተማሪ መሆኑ ይቀርና ለቢሮው ለቀረበው ይሆናል። ሰው ደፍራ የማትጠይቅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚመላለስ ተማሪ፣ ማታ የሚማር ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ከውድድሩ የወጡት ሳይወዳደሩ ነው። የክፍል ተጠሪዎች በቴሌግራም ግሩፕ እንዲያስተላልፉ መደረጉ ጥቂት ረድቷል፤ ተጠሪው የረሳ ዕለት ግን መላው ክፍል አብሮ ይቀራል፤ ይህም ለአንድ ተማሪ ትከሻ የማይገባ ሸክም ነው።

ማየት የተሳናቸው ጓደኞቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በስልካቸው የተጻፈውን ድምፅ አድርጎ የሚያነብላቸው ሶፍትዌር የሚሠራው ጽሑፉ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ሰሌዳ ላይ ያለውን ወረቀት ያውም አጋድሞ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ለእነርሱ ባዶ ገጽ እንደመላክ ነው። ለሌሎቻችንም ቢሆን ከፎቶ ላይ ሊንክ ተጭኖ መክፈት ስለማይቻል ረጅሙን አድራሻ ፊደል በፊደል ስንጽፍ አንዷ ነጥብ ትቀርና ገጹ አይገኝም ይለናል። ያንኑ ማስታወቂያ በጽሑፍ መልክ መለጠፍ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጥሪው ሲጠቃለል የሚቆረጠው ነገርም ብዙ ሰው ያስቀራል። አዘጋጁ የመዝጊያውን ሰዓት በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ ለይቶ ይጽፋል፤ ቢሮው ግን ቀኑን ብቻ ገልብጦ ያወጣል። ለምሳሌ ብዙ ዓለም አቀፍ የጥናት ጉባኤዎች ቀኑ በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ እስካላለቀ ድረስ ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ ይህም ከግሪንዊች በ12 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የሰዓት ቀጣና ይሰላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በራሱ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲሆን አለፈኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ በሩ ግን ገና ለሰዓታት ክፍት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አዳራሹ ባዶ ሲሆን በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ተማሪዎች ፍላጎት የላቸውም» የሚል ነው። ይህን ፍርድ አልቀበልም። በዚያው ሳምንት ተማሪዎች በራሳቸው ተነሣሥተው ያዘጋጁት የክርክር ምሽት፣ ከአፍ ወደ አፍ በቅብብል ብቻ የተነገረው፣ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ያዳመጠበት ነበር። ፍላጎት የሌለው ሰው ቆሞ ሁለት ሰዓት አያዳምጥም። እንዲያውም የፍላጎት ማነስ የሚመጣው በተደጋጋሚ ከመቅረት ነው፤ ዛሬ ነገ እያለ ያመለጠው ተማሪ በመጨረሻ ሰሌዳውን ማየት ይተዋል፤ የትምህርት ክፍሉን ኢሜይልም መክፈት ያቆማል። ከዚያ በኋላ ጥሩ ማስታወቂያ በጊዜው ቢወጣ እንኳ የሚያነበው አይኖርም።

የምንጠይቀው አዲስ በጀትም አዲስ ሕንፃም አይደለም። ከየኮሌጁ ንግግሮች፣ ውድድሮችና ጥሪዎች በአንድ ላይ የሚገቡበት፣ ተማሪው በስልኩ ከፍቶ ወደ ራሱ ቀን መቁጠሪያ የሚያስገባው አንድ የጋራ መርሐ ግብር ይኑር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቢሮው ባለው ኮምፒውተር ላይ በነጻ ይገኛል። ደብዳቤ መዝገብ ቤት በገባበት ዕለት ቅጂው በቀጥታ ለተማሪው ይውጣ፤ ምሪቱ በራሱ መንገድ ሊቀጥል ይችላል። በየዓመቱ የሚመላለሱት የስኮላርሺፕ ጥሪዎች ከነመስፈርታቸው በአንደኛ ዓመት መግቢያ ላይ ለተማሪው ይነገሩ። ይህን ሥራ የሚከታተል፣ ስሙና የቢሮ ቁጥሩ የታወቀ አንድ ሰው ይመደብ፤ ሳይወጣ የቀረ ማስታወቂያ ሲኖር የምንጠይቀው ሰው እንዲኖረን። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ የሴሚስተሩ ንግግሮችና ጥሪዎች ዝርዝር ከምዝገባው ቀን በፊት በእጃችን እንዲገባ በዚሁ አጋጣሚ ለተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጥያቄዬን አቀርባለሁ፤ በዚህ የምትስማሙ ተማሪዎችም ጥያቄውን በየክፍላችሁ ፈርማችሁ አስገቡ።