የ2,000 ብር እንጀራ

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ማታ ነው። ባለቤቴ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ የወሩን ወጪ ትደምራለች። እኔ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ደመረች። አላመነችም። እንደገና ደመረች።

«ስማ እስቲ፣ በወር ለእንጀራ ብቻ ስንት እንደምናወጣ ታውቃለህ?»

አላውቅም። አራት ነን። በቀን አሥር እንጀራ እንጨርሳለን (ትልቁ ልጄ ብቻውን ሦስት ነው፣ የጠዋቱን ፍርፍር ሳንቆጥር)። አንዱ እንጀራ ከሱቅ 25 ብር። በወር 7,500 ብር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ እኛ ቤት ያልተሸራረፈ ነገር የለም። ሥጋ ከየሳምንቱ ወደ በዓል ተዛውሯል፤ ማኪያቶው ወደ ቡና፣ ቡናው ደግሞ ከካፌ ወደ መንገድ ዳር ጀበና ወርዷል። እንጀራን ግን የሚነካው የለም ብለን ትተነው ነበር።

ያን ሰዓት ስልኬ ላይ የነበረው የአክስቴ ልጅ የላከችው ቪዲዮ ነው። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። በ2012 ኮሮና ገብቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት አሜሪካኖቹ በእርሾ ዳቦ መጋገር ጀመሩ። እሷም አብራ ጀመረች፤ እስከ ዛሬ አልተወችም። እርሾዋን በጠርሙስ አስቀምጣ ስም አውጥታላታለች። ልደቷንም ታከብርላታለች። እማዬ ከ40 ዓመት በላይ እርሾ ይዛ ስትኖር ስም ያወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ጎረቤታችን እርሾ ወስዳ ሳትመልስ የቀረች ጊዜ ሲሆን፣ ስሙም የወጣው ለእርሾዋ ሳይሆን ለጎረቤቷ ነበር።

ለማንኛውም ቪዲዮው ላይ ሊጥ እያሸች «ቀላል ኑሮ ማለት ወደ ጥንቱ መመለስ ነው» አለች። ይቺ ነገር ልቤ ውስጥ ገባች። ተነሣሁና «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ የምጋግረው እኔ ነኝ!» አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሯን ዘጋች። ምንም አላለችም፤ ዝምታዋን እንደ ድጋፍ ወሰድኩት።

ሒሳቡ ለእኔ ግልጽ ነበር። የአንድ ወር እንጀራ የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ ነው። አንድ ወር ጥርሳችንን ነክሰን ካለፍን ከዚያ ወዲያ ትርፍ በትርፍ ነን። ጤፉን ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ ወጣሁ። ምጣድ 7,500። ጤፍ 25 ኪሎ፣ 3,500። ማስፈጫ 150። ቡሃቃ አጣሁና ትልቅ ባልዲ ከነክዳኑ፣ ሰፌድ፣ ጎመን ዘር፣ ሌላም ሌላም ተደምሮ 850። 12,000 ብር እቅጩን። ወፍጮ ቤት ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናት «ማን ልኮህ ነው?» አሉኝ። «ማንም፤ ራሴ ነኝ የምጋግረው» ስላቸው አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዞር ብለው «ምስኪን፣ ሚስቱ ሞታበት ነው መሰለኝ» አሏት። በሹክሹክታ ሊሆን ነበር የታሰበው፤ ወፍጮው እየጮኸ ስለሆነ ግን ቤቱ ሙሉ ሰማ። አንዱ ተራውን ለቀቀልኝ። ወሰድኩ።

ከጎረቤት እርሾ ለምኜ አቦካሁ። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ከላይ ያቀረረውን ውሃ ደፋሁ። አሁን አብሲት ይጣላል፤ ማለትም ከሊጡ ቀንሰህ ውሃ ላይ አፍልተህ ወፈር ሲል መልሰህ ትጨምረዋለህ፣ ከዚያ ሊጡ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለህ። እኔ አስፈላጊ አልመሰለኝም። ሌላው ደግሞ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፤ ጎመን ዘር ተደርጎበት ደጋግሞ ይታሻል። እኔ አንድ ጊዜ ጠረግ አደረግኩትና ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ለምጣዱ ነው ይባላል። ሁለተኛውም ለምጣዱ ሆነ። እስከ ስምንተኛው ድረስ ምጣዱ ብቻውን በላ። በቢላዋ እየፋቅኩ፣ ላቤ ሊጡ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴን እያጠመምኩ፣ በመጨረሻ ስድስት እንጀራ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሙሉ ስል ክብ ነው ማለቴ አይደለም። 12,000 ለስድስት ሲካፈል አንዱ እንጀራ 2,000 ብር መጣ። ልጆቼን «ቀስ ብላችሁ ብሉ» አልኳቸው።

በማግሥቱ እማዬ መጣች። አንዱን እንጀራ አንሥታ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደችና በብርሃን አየችው።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«እንጀራ ነው እማዬ።»

«ዓይኑስ?»

ዝም አልኩ።

«ይሄ እኮ ዕውር ነው የኔ ጌታ!»

ጨክና ግን አልተወችኝም፣ እናት አይደለች። ቆርሳ በሽሮ በላች። «ያጠግባል» አለች። እማዬ የጣማትን «ይጣፍጣል» ነው የምትለው። «ያጠግባል» ስትል የሰማኋት አንድ ጊዜ፣ ልቅሶ ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ምጣዱን እንደ ሥርዓቱ አሟሸችው፣ አብሲቱን ጣለች። የሚቀጥለው ዙር ዓይኑ እንደ ማር እንጀራ ተንቆጥቁጦ ወጣ።

ታዲያ ያን ዙር ማን ጋገረው? እሷ ናት። ቀጣዩንስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ አመሸሁና ባለቤቴን «ሊጡን እስቲ እይልኝ» አልኳት። በሦስተኛው «መጣሁ፣ እስከዚያ ምጣዱን ለኩሺልኝ» አልኳት፤ ስመጣ ሞሰቡ ሙሉ ነው። በአራተኛው ሳምንት የእኔ ድርሻ «እኛ ቤት እንጀራ አንገዛም» ብሎ ለሥራ ባልደረቦች ማውራት ብቻ ሆነ። እሷ ከሥራ ትገባለች፣ ምጣድ ላይ ትቆማለች፣ በመሀል መብራት እልም ይላል፣ እስኪመጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሌሊት በስድስት ሰዓት ይመጣል፣ ተነሥታ ትጨርሳለች። አንድ ሌሊት ሊጥ ሊጥ እየሸተተች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ቆይ ግን፣ ይሄ ቀላል ኑሮ የቀለለው ለማን ነው?» አለችኝ። ተኝቼ ነበር። ማለትም፣ የተኛ መሰልኩ። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል፤ እኛ ቤት አይጧ ማን እንደሆነች ለማንም ግልጽ ነው።

የበርበሬውን ነገር ባላነሣው ደስ ይለኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዛላ በርበሬ ቆልቼ አምስተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ለሁለት ቀን ሰላምታ ነሡኝ፤ የሚያስነጥስ ሰው ሰላም ማለት አይችልም መቼም።

ሰው ግን በአንድ ውርደት አይመለስም። እንጀራው ከእጄ ሲወጣ ወደ እጅ ሥራ ዞርኩ። የሰፌድ ስፌት የሚያስተምር ቦታ አለ ተባልኩ፤ ስምንት ቅዳሜ፣ አንዱ ቅዳሜ 1,200 ብር። ስንደዶውና አክርማው ከእነሱ፣ ጣት ከራስህ። አስተማሪያችን «ሐሳባችሁን ሁሉ ወስፌው ላይ አድርጉ፣ ነፍስ ታርፋለች» ትለናለች። እውነቷን ነው። ወስፌ አውራ ጣትህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሐሳብ አይኖርህም። እማዬ ዋጋውን የሰማች ቀን «ለሰፌድ ከፈልክ?» አለች። «አይ፣ ለመማር ነው የከፈልኩት» ስላት «እና ሰፌዱስ?» አለች። እሷ በደጉ ጊዜ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የሶፋውን እጀታ፣ ስልኩን ሳይቀር በኪሮሽ ዳንቴል ስታለብስ ማንም የከፈላትም ያስከፈላትም አልነበረም፤ ነፍሷም አርፋ እንደሁ የጠየቃት የለም።

ደግሞ ይሄ ቁጠባ የሚባለው ነገር ለእኛ አዲስ ሆኖ መቅረቡ ራሱ ይገርመኛል። በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞር ሰው ያለበት አገር ነው። «ልዋጭ!» ባዩ አሮጌ ሱሪህን ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጥሃል፣ ያውም እሱ ከስሮ አንተ እንዳተረፍክ አስመስሎ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ገጠር ይወርዳል። እኔ ግን ባለፈው አንድ ቆንጆ ሱቅ ገብቼ ከአሮጌ ጀሪካን የተሠራ የመብራት ቆብ በ1,800 ብር ገዛሁ። ቤት ሳደርሰው ባለቤቴ ዘይት የሌለበት ጀሪካን ለምን እንደገዛሁ ጠየቀችኝ።

ስምንተኛው ቅዳሜ ሲያልቅ ሰፌዴም አለቀ። ሰፌድ ዝርግ ነው። የእኔው መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ግማሹ ሰፌድ፣ ግማሹ ባርኔጣ ሆነ። ያም ሆኖ ወደድኩት።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ዕረፍት ያስፈልገናል ተባባልን። ተባባልን ስል፣ እኔ አልኩ። በደብረ ብርሃን መንገድ፣ ገጠር ገባ ብሎ «ከከተማ ጫጫታ የራቀ ቀላል ኑሮ» የሚሸጥ ማረፊያ አለ፤ ለሁለት ሰው አንድ አዳር 9,000 ብር። ልጆቹን እማዬ ጋ ጥለን ሄድን። የድንጋይ ቤት ነው፣ የሣር ክዳን። ወለሉ ላይ የመንዝ ዝተት ተነጥፏል። መብራት የለም። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው በነጻ ነው፤ እዚያ ግን ሆን ብለው ስለሆነ ያስከፍላል። ስልክም አይሠራም። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱን የማያውቅ ካለ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለምን ያን ያህል ስም እንዳወጣ ቆም ብሎ ያስብ። ሌሊቱን ተቃቅፈን አደርን። ባለቤቴ የፍቅር አይደለም፣ የብርድ ነው ብላለች።

ጠዋት የእንቅስቃሴ ዝርዝር መጣ። ከምንጭ ውሃ መቅዳት። ገብስ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት። ኩበት መጠፍጠፍ፣ ይሄኛው 800 ብር ተጨማሪ፣ ጓንትን ይጨምራል። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባልና ሚስት ወፍጮው ላይ ተንበርክከው ተራ በተራ ይፈጫሉ፤ ሚስትየዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ሰላም ነው የሚሰማኝ» ትላለች። ባለቤቴ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ለምንድነው?» አልኳት። «ለእኔም ይከፈለኛል ማለት ነዋ» አለች።

አክስቴ የምትኖረው ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግር ነው፤ የቨርጂኒያዋ እናት። ሰፌዴን ስጦታ ይዤ ሄድን። ያየኋት መጨረሻ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። የድሮው ጎጆ የለም፤ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች፣ መብራት ገብቷል፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ነው፣ በላዩ ዳንቴል። የድንጋይ ወፍጮው ደጃፉ ላይ ተገልብጦ እግር መጥረጊያ ሆኗል። ውሃውም ጊቢ ድረስ መጥቷል። «ቧንቧው የገባ ዕለት እልል አልኩ» አለችን፣ «ይሄን ወገቤን ታያለህ? እንስራ ነው የበላው።»

የት እንዳደርን ነገርናት። ኩበቱ ጋ ስንደርስ ስኒውን አስቀመጠች።

«ገንዘብ ከፍለው?»

«አዎ አክስቴ።»

«ወደው?»

«800 ብር።»

ወደ ግድግዳው፣ ተጠፍጥፎ ወደሚደርቀው ኩበት አየች። ወደ እኛ አየች። «በሉ እኔ ጋ ላኩልኝ፣ በ500 አስጠፈጥፋቸዋለሁ። ጓንት እንኳ የለኝም፤ በካልሲ ይሆናል?» አለች። ስለ ልጇም አነሣን። ዳቦ ስትጋግር ፎቶ የላከችላት ጊዜ ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ነገረችን። «ሥራ ፈታ፣ የሚገዙበት አጥታ እንጂ አሜሪካ ሄዶ ማን ሊጥ ያቦካል ብዬ። ብር እንኳ ልልክላት ነበር።» ከዚያ ጠጋ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ «ኤሌክትሪክ ምጣድ እናንተ ጋ ስንት ነው?»

ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ መለሰች። «እኛ አንድ አለን፣ በደንብ የተሟሸ።»

በሳምንቱ ምጣዱ በሚኒባስ ተጭኖ ሄደ። እኛ ከሱቅ መግዛት ጀመርን፤ አሁን 30 ብር ገብቷል። ሁለት ሳምንት ቆይቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ምጣዱ ግሩም ነው አለች፣ ባለቤቴን መረቀቻት፣ እኔንም በትርፍ ጊዜ።

«ሰፌዱስ አክስቴ? እየተጠቀምሽበት ነው?»

«ውይ የኔ ጌታ፣ ያለ እሱ አልውልም! ጫጩቶቹን ከጭልፊት የምከድናቸው በእሱ አይደል። ደግሞ መሀሉ ጎበጥ ስላለ አይጫናቸውም፤ እንዴት አስበህ እንደሠራኸው!» ከኋላዋ ጫጩቶቹ ይሰሙኛል። «ሌላ ካለህ ግን ላክልኝ፤ ሁለት ሲያድጉ አላስገባ ብሏቸው ውጭ ቀርተዋል።»