ይሉኝታ በ40 ዲግሪ

የዳናኪል ጉዞ የሚጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። ግሩፕ ይከፈታል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል። ከዚያ ሙግቱ ሁሉ በቲሸርት ቀለም ላይ ይሆናል። ጥቁር ያሸንፋል፤ «ቀጭን ያስመስላል» ተብሎ። ለአፋር ፀሐይ የሚሻለው ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግሩፑ ውስጥ አይጠፋም። ግን «አካበድክ» እንዳይሉት የአውራ ጣት ምልክት ልኮ ዝም ይላል።

የውኃ ነገር የሚነሳው በመነሻው ዋዜማ ማታ ነው። መልሱም «መንገድ ላይ እንገዛለን» ነው። ደፍሮ የሚከራከር ቢገኝ እንኳ «ኅዳር እኮ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው» ይባላል። እርግጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይሻላል። ቢሆንም እዚያው ዳናኪል ውስጥ ባለው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። አማካይ ሲባል ሌሊቱም፣ «ቀዝቃዛው» ኅዳርም አብረው ተደምረው ነው።

ሒሳቡ ከቲሸርቱ ይቀላል። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ ብቻ 5 ሊትር ይያዛል። 12 ሰው ለሦስት ቀን 180 ሊትር ማለት ነው፤ መኪና ተበላሽቶ ያልታሰበ አዳር ቢመጣ ሩቡን ስትጨምሩበት 225 ይሆናል። ዘጠኝ ባለ 25 ጀሪካን ነው፤ የማብሰያው፣ የመታጠቢያውና የራዲያተሩ ለብቻ። ጀሪካኖቹ በሁለት መኪና ይከፈሉ። ውኃው ሁሉ አንዱ ላይ ከተጫነ፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀረው ያው መኪና ይሆናል።

መነሻ ሌሊት 11 ሰዓት ተብሎ ይለጠፋል። 12 ሰዓት ላይ «እየደረስኩ ነው» የሚለው ሰው ገና ካልሲ እየፈለገ ነው፤ እሱን ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ጸባይ የሚያስከፍለው ትንሽ ኩርፊያ ነው። ዳናኪል ውስጥ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በእግር አይኬድም፤ ዳሎልም ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ 3 ሰዓት ሳይሞላ መውጣት ያለበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ካልሲውን እስኪያገኝ የተጠበቀበት ሁለት ሰዓት፣ 12ቱን ሰው እኩለ ቀን ላይ ጨው መሃል ያቆማል።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሰው በረሃ ውስጥ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ ውኃ አጥቶ አይደለም፤ አፍሮ ነው። ከጠጣ «አቁሙልኝ» ማለት ይመጣል። ከቆመም ሜዳው እስከ አድማስ ድረስ ቁጥቋጦ የለበትም። ስለዚህ በተለይ ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ከንፈር ከማርጠብ አያልፉም፣ ምክንያቱን ግን አንድም ሰው አይጠይቅም፤ ጨዋ ነና። መፍትሔው ማንንም ሳይጠይቁ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መቆም ነው። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ በመሃላቸው አንሶላ ይወጠራል፤ ሴቶች ወደ ኋላ፣ ወንዶች ወደ ፊት። ሶፍቱ በፌስታል ታስሮ ይመለሳል። በዚያ አየር ሶፍት አይበሰብስም፤ ነፋሱ ግን ለሚቀጥለው ቡድን ያደርስለታል።

አጠጣጡ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ነው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሊትር መገልበጥ አይሠራም። ብዙ ውኃ ያለ ጨው ከተጠጣም የደም ጨው ይሳሳል፣ ራስ ይዞራል፤ ስለዚህ ምግብ አይዘለልም፣ ኦ.አር.ኤስ.ም (የጨውና የስኳር ዱቄቱ) በአንድ ሊትር አንድ ፓኬት ይበጠበጣል። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ሌላው ምልክት ያለ ምክንያት መነጫነጭ ነው፤ በኮሚቴ በሚመራ ጉዞ ይህን ከጤነኛው ለመለየት ግን ያስቸግራል። ሰውነቱ ግሎ ንግግሩ የተምታታ ሰው ካለ ቀልዱ አብቅቷል፦ ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብስ አውልቆ፣ ገላውን እያረጠቡ ማራገብና ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፍ አይሰጥም። «አልጠማኝም» ለሚል ጤነኛ ግን «በሞቴ» የሚለው ግዝት ይሠራል። በየድግሱ ስንቱን ሆድ ያበላሸ ቃል እዚህ ሕክምና ሆኖ ይገኛል።

መኪና አሸዋ ሲይዘው አሥሩ መካሪ፣ ሁለቱ ቆፋሪ ይሆናሉ። መካሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ነዳጅ ስጠው!» ይላሉ። ነዳጅ ሲሰጠው ጎማው ባዶውን እየዞረ እስከ አክስሉ ይቀበራል። ትክክለኛው ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ጠርጎ፣ የጎማውን ንፋስ ከ35 ፒኤስአይ ወደ 18 ገደማ አውርዶ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ጎማው ሲላላ ይሰፋል፣ አሸዋው ላይ ይተኛል። አስፋልት ላይ ሲደረስ በኮምፕሬሰር መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል። ስኮርታ ጎማም ለአንድ መኪና ሁለት ይያዝ፤ እዚያ ጎሚስታ የለም።

አፋሩ መንገድ መሪ በየመንገዱ ከሚያገኘው ሰው ጋር ቆሞ ረጅም ወሬ ሲለዋወጥ ከኋላ ወንበር «ምን ያስለፈልፈዋል» የሚል ይሰማል። ያ ዳጉ ነው፤ የአፋር የዜና ልውውጥ። ከዝናብ በኋላ የጨው ሜዳው የት እንደላቆጠ፣ የትኛው መንገድ መኪና እንደሚውጥ የሚታወቀው በእሱ ነው። 400 መልእክት የተጻፈበት ግሩፕ ውስጥ ከዚህ አንድም የለም፤ ኔትወርኩም የለም።

የዳሎል ዙሪያ የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። ቢጫና አረንጓዴው ኩሬ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቦታ አለ። የሐበሻ ቀሚስና ታኮ ጫማ ይዞ ለፎቶ የሚመጣ ሁሌም አለ። የጨው ቅርፊቱ ምንጩ አጠገብ ስስ ስለሆነ የመሪውን ዱካ መርገጥ ነው፤ ታኮ ደግሞ ቅርፊት መብሻ ነው። አሳሌ የጨው ሐይቅ ላይ ለመንሳፈፍ የሚገባ ሰው በዚያ ጠዋት ጺሙን አይላጭ፣ ለመለቅለቂያም በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ይያዝ። ጨው የሚቆርጡትን ሠራተኞች ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ደግሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ይሉኝታ ያለው ሰው እዚህ ሲደርስ የሚረሳው ነገር ነው።

ኮሚቴው እሳተ ገሞራው ኤርታ አሌ ላይ የሚፈላ እሳት ቃል ገብቷል። ተራራው ግን አልፈረመም። በጥር 2009 ቅልጡ ድንጋይ በጎን ሰንጥቆ ሲወጣ የእሳት ሐይቁ ዝቅ አለ፤ በሐምሌ 2017 እንደገና ፈነዳ። ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ ሕንድ ላከ። ስለዚህ ሁኔታው ከመነሻው በፊት ይጠየቃል። ላይ ሲደረስ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም፣ ጉሮሮ ሲያቃጥል መመለስ፣ አዲሱን ጥቁር ቅርፊት አለመርገጥ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰበርም ይቆርጣል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይያዝ፤ በስልክ መብራት የሚወጣ ሰው ሲወድቅ ስልኩን እንጂ ራሱን አይደግፍም።

ሲመለሱ መኪናው ላቫጆ ይገባል፤ ኮሚቴው ለፎቶ እንዲያምር ከላይ ብቻ አሳጥቦ ይከፍላል። ጨው የሚበላው ግን ሻንሲውንና የፍሬን ቱቦውን ነው፤ ውኃው በግፊት መግባት ያለበት ከሥር ነው። የመኪናው ባለቤት ይህን ያውቃል፤ ግን ተሳፋሪዎቹ ዘመዶቹ ስለሆኑ «ምንም አይደል፣ ደረስን እኮ» ብሎ ይስቃል።