ማስተካከያ፦ ስለ ቅዳሜው የአኒሜሽን ፊልምና የአየር ንብረት ገለጻ

ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ለልጆች የአኒሜሽን ፊልም እንደሚታይ፣ ስለ አየር ንብረት ሳይንስም ገለጻ እንደሚኖር ጽፌ ነበር። ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

አንዱ ቀላል ነው። ገለጻው ይቀድማል ብዬ ነበር፤ የሚቀድመው ፊልሙ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። «የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብያለሁ። እንዲህ ተብሎ አይደመደምም። የአንድ ሌሊት ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ማለት የነበረብኝ ይሄን ነው፦ አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ያን ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤተሰቡን ያጣ ጎረቤት እያለን በግምት መጻፍ አልነበረብኝም።

ቦታውና ሰዓቱ እንደነበረ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። ስለ ጎርፉ የሚጠይቁ ካሉ ከገለጻው በኋላ ለጥያቄ ጊዜ አለ።