ማስተካከያ፦ ዕንቁ የሚያወርደው ወንዝ ዓባይ አይደለም
ሰሞኑን በአራት ኪሎና በፒያሳ አንባቢያን መካከል በቴሌግራም የተዘዋወረ ጽሑፍ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ስለ ዓባይ ለባይዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ ልኮ እንደነበር ይናገራል። ይህ ስሕተት ነው።

ደብዳቤው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1165 ገደማ በላቲን መሰራጨት የጀመረ፣ በሩቅ አገር ይገዛል ተብሎ በአውሮፓ አፈ ታሪክ በሚነገርለት ክርስቲያን ንጉሥ፣ በፕሬስተር ጆን ስም የተጻፈ ፈጠራ ነው፤ ቅጂዎቹን የመረመሩ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ነው። ግዛቱንም «ሦስቱ ሕንዶች» ይለዋል። ከገነት ፈልቆ መረግድና ሰንፔር የሚያወርድ ወንዝ፣ ውኃ ሳይኖረው ማዕበል የሚያነሣ የአሸዋ ባሕር፣ በውስጡም የሚኖሩ ዓሦች፣ ድንጋይ ብቻ የሚፈስበት ሌላ ወንዝ፤ እጅግ ውብ ምናብ ነው፣ ደጋግሞ ቢነበብም አይሰለችም። የእኛ ምድር ገለጻ ግን አይደለም። አውሮፓውያን ያን ንጉሥ በኢትዮጵያ መፈለግ የያዙት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ዓባይ በትውፊታችን ከኤደን ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን ስለሆነ ከደብዳቤው ወንዝ ጋር መምታታቱ አያስገርምም። ከሰከላ ምንጩ ተነሥቶ፣ ጣናን አልፎ ይዞት የሚወርደው ግን የደጋውን አፈር ነው።

ጽሑፉን ለክፍል ያዘጋጃችሁ መምህራን፣ እባካችሁ ደብዳቤውን እንደ ኢትዮጵያ ሰነድ አትጥቀሱት። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለ ሩቅ አገር ያለመውን ለማሳየት ግን ተገቢ ምንጭ ነው።