ቀጠሮ ሲደርስ የሚድን ስኳር

የደሴን የስኳር ሕመምተኛ ያላደነቀ ማንን ያደንቃል? ሦስት ወር ሙሉ ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ሲያማስል ይከርምና፣ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ይመንናል። እንጀራውን በጣት ይለካል፣ እራት ይዘላል፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእግሩ ይመላለሳል። በባዶ ሆድ ሲለካ 118! «ማሻ አላህ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ ማታ ጀበናው ይጣዳል። የሚኒስትሪ ተፈታኝ እንኳ እንዲህ አልተዘጋጀም።

«የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውንም የደም ምርመራ እንየው» ሲባል ግን ጀግናችን ብልህ ነው፤ «ለሚቀጥለው» ይላል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የተጣበቀበት ስኳር በሦስት ቀን ምናኔ አይራገፍማ።

ዓይን ደግሞ ካርድ አያነብም። ሬቲና፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ኦክስጅን አብዝተው ከሚፈጁት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው፤ ስቡም ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት። ስኳር ሲበዛ የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያው፣ እንጨት እንደታጨቀበት ምድጃ ይጨሳል፤ ጭሱ፣ ሴል የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት፣ ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። መዘዙን ከሚጠርጉት አንዱ ግሉታታይዮን ነበር፤ ትርፉ ስኳር ወደ ሶርቢቶል ሲለወጥ ግን የግሉታታይዮንን ማደሻ፣ ኤንኤዲፒኤችን፣ ይጨርስበታል። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች አቅፈው የያዙት ፔሪሳይቶች ይሞታሉ። የተራቆተው ግድግዳ ያብጣል፣ ያዣል። ደም የጠማው ሬቲና ቪኢጂኤፍ በሚባል የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን አዲስ ሥር ያበቅላል፤ ሥሩ ልል ነውና ይደማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቅንጣት ሕመም የለም።

ሬቲና ቂመኛም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት አንድ ሕመምተኞች በሁለት ቡድን ተከፍለው ተጠኑ፤ የአንዱ ስኳር ጠበቅ ተደርጎ ተያዘ፣ የሌላው እንደተለመደው። ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ስኳር ተቀራረበ፤ ቀድሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ የነበረው ቡድን ዓይን ግን ለዓመታት ይበልጥ ሲጎዳ ቆየ። ሜታቦሊክ ሜሞሪ ይሉታል፤ አንዱ ተጠርጣሪም ያ የሚቶኮንድሪያ ጭስ ነው። የሦስት ወሩን ጭስ በሦስት ቀን ጾም የሚያስረሳ ጀግና እንግዲህ ከደሴ እንጠብቃለን።

ጭሱን ይጠርግልኛል ብሎ ቫይታሚን ኢ ገዝቶ ስኳሩን ላልነካው ወገንም ጭብጨባ ይገባል፤ በትልቅ ሙከራ በቀን 400 ዩኒት ለዓመታት ተውጦ የልብም የኩላሊትም መዘዝ አልቀነሰም።

የዓመቱ የዓይን ምርመራስ? ብሌኑ በጠብታ እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ብዥታ። «ብዥ ይልብኛል» ብሎ ይቀራል። በጥር ፀሐይ ሰኞ ገበያ ቆሞ «ዘንድሮ የጦሳ ተራራ ጭጋግ በረታ» ይላል፤ ጭጋጉም በቀኝ ዓይኑ በኩል ብቻ ይወርዳል።