የአውራ ጣት ሊቃውንት

ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ የተጻፈውን ሳያዩ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገዙ ሰዎችን ብዙው ያማቸዋል። እኔ ግን ቆሜ አጨበጭብላቸዋለሁ። ማንዋል ማገላበጥ እኮ በራሱ የማይተማመን ሰው ሥራ ነው። ሊቅ በዓይኑ ይመዝናል፣ በአውራ ጣቱ ያስገባል።

ራምን፣ የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ እንውሰድ። ሁለቱ የራም ትውልዶች፣ ዲዲአር 4ም ዲዲአር 5ም፣ 288 ፒን (የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ) አላቸው። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ምን ቀረ? መሃል ላይ ያለችው ክፍተት ከአንዱ ወደ ሌላው ፈቀቅ ማለቷ ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም።

አንድ ወዳጄ ይህችን ምቀኛ ሲታገላት አይቻለሁ። ቦርዱ ኤኤም 4 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ዓይነት) ነው፤ ዲዲአር 4 ብቻ ነው የሚቀበለው። በእጁ የያዘው ዲዲአር 5። አንዴ ተጫነ። «ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ። ደግሞ ተጫነ። ላብ አጠመቀው። ቀጭ! «ገባ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። የስሎቱ (የራም መሰኪያው) ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። እሷንም ጠራርጎ ኪሱ ከተታት። ንጹሕ ሰው ነው።

ለኮሰው። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ምርመራው ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም፦ «ዊንዶውስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ!» ራም ያላገኘ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ደጃፍ እንኳ አይደርስም ብዬ ልል ነበር። ግን ሊቅ ሲናገር ጣልቃ አይገባም።

(ለፍትሕ ሲባል ኢንቴልንም እናመስግን። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8ኛው ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር እንደ 6ኛውና 7ኛው ሶኬቱ (ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት መሰኪያ) ኤልጂኤ 1151 የሚባለው ነው። በእነሱ ቦርድ ላይ ብታስቀምጡት ልክክ ይላል። አይነሳም እንጂ። እዚህ ላይ እንኳ የሊቁ ጥፋት ግማሽ ነው።)

በስተመጨረሻ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ተፈረደ። አዲስ ተገዛ፤ ሳይነበብ፣ እንደ ወጉ። ደግነቱ ራሙ ያለ ትግል ገባ። ዲዲአር 5 የሚቀበል ኤኤም 5 ቦርድ ነዋ! የድሮው ፕሮሰሰር ግን ኤኤም 4 ነው፣ ፒኖቹ ከሆዱ ሥር የተደረደሩ። የአዲሱ ቦርድ ፒኖች ደግሞ ራሱ ሶኬቱ ላይ ናቸው፣ 1718። ፒን ከፒን ተፋጠዋል።

ወዳጄ እጅጌውን ሰብስቦ አውራ ጣቱን እያፍታታ ነው።